መኪናዬ ዘይት ትበላለች፣ የትኛውን መሳሪያ ልግዛ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፣ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። 2003 ስሪት ኮሮላ አለችኝ ሞተሯ 1800 ነው፣ አዳማ አዲስ አበባ እመላለስባታለሁ አንዳንዴም አሰላ ቤተሰብ ጥየቃ እሄድባታለሁ። ዘይት እየበላች አስቸገረችኝ፣ ሰርቪስ ካደረግኩ በኋላ ቀጣዩ ሳይደርስ ሁለት ሶስቴ እጨምራለሁ፣ የምትቆምበት ቦታ ላይ ግን ጠብታ የለም። አንዱ መካኒክ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው ሞተር ይውረድ አለኝ፣ ሌላው የቫልቭ ጎማ ነው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ብቻ ያልቃል አለኝ፣ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ አይገናኝም። ወንድሜ ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ መሳሪያ አስመጥቼ ራሴ ማየት ፈልጌያለሁ። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ፣ ሊክዳውን ቴስተር፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ካሜራና የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር አሉ፣ አቅሜ ግን ከሁለት አይበልጥም። የቱን ላስመጣ?

መልስ

ወንድሜ፣ ካሜራውን አስመጣ፣ ሁለተኛ ኮምፕሬሽን መለኪያውን፣ ስካነሩን ለአሁኑ ተወው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ስካነር ይገዛል ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ያስለካል፣ ሁለቱም ምንም የለም ሲሉት ግራ ይጋባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፒስተን ላይ 3 ፋሻ አለ። የላይኞቹ 2 ኮምፕሬሽን ይይዛሉ፣ የታችኛው ስራው ግን የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ጠርጎ ወደ ታች መመለስ ነው። ያንተ ሞተር 1ዜድዜድ የሚባለው ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሪቶቹ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው፣ ከጠራጊው ፋሻ ጀርባ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽም ጥቂትም ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻውም ይጣበቃል፣ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ላይ ቀርቶ ይቃጠላል። የላይኞቹ 2 ፋሻዎች ግን ደህና ስለሆኑ ኮምፕሬሽን ስትለካ ሰላም ነው ይልሃል! የቫልቭ ጎማም እንደዛው ነው፣ ጎማው ደርቆ ዘይት ቢያንጠባጥብም ቫልቩ በደንብ እስከገጠመ ድረስ ኮምፕሬሽኑ አይወርድም። ሊክዳውንም ያው የአየር ማምለጥን ነው የሚለካው። ስለዚህ ኮምፕሬሽንህ ጥሩ ነው ያለህ ሰው ዘይት አትበላም ማለቱ አይደለም፣ ይሄን ያዝልኝ።

ወንድምህ እስኪመጣ ግን በነፃ የምትሰራው አለ። መጀመሪያ ስንት እንደምትበላ በትክክል እወቅ። ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተሩን አጥፍተህ 5 ደቂቃ ቆይተህ ዘይቱን መለኪያው ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 5 ጊዜ ብትሄድ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከዛ እዛው ምልክት ላይ ለመመለስ ስንት እንደፈጀ ምልክት ባለው ጠርሙስ ለካ። ቶዮታ በብዙ የባለቤት ደብተሮቹ በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይፈቅዳል፣ ለኔ ግን ግማሽ ሊትር ካለፈ ምክንያቱን መፈለግ አለብህ።

ቀጥሎ ጭሱን እይ። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማ ነው ብለህ ጠርጥር፣ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያደረው ዘይት ነው የሚቃጠለው። ከአሰላ ስትመለስ ኢተያን አልፈህ ቁልቁለቱን እግርህን ከነዳጅ አንስተህ በማርሽ ውረድና ታች ላይ ስትረግጥ ከኋላህ ያለ ሰው ይይልህ፣ እዛ ላይ ከጨሰ አሁንም ወደ ቫልቭ ጎማ ያዘነብላል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲከብደው ያለማቋረጥ ከጨሰ ግን ወደ ፋሻ ነው። የሞተሩን የጭስ ትንፋሽ የሚመልሰውን ትንሽ ቫልቭም ነቅለህ አወዛውዘው፣ ካልተንኳኳ ተጣብቋል፣ እሱ ርካሽ ነው ብቻውንም ዘይት ያስበላል። ጠብታ የለም ብለሃል ግን በዚህ ሞተር የካቴናው መወጠሪያ ጎማ ማፍሰስ ይወዳል፣ ሞተሩ ጎን ላይ ይፈስና መሬት ሳይደርስ አቧራ ይዞ ይቀራል፣ ሞተሩን አሳጥበህ ከሁለት ቀን በኋላ በባትሪ እይው።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር የሆነውን ይምረጥ፣ የስልክህን መሰኪያ ነገረው፣ አይፎን ከሆነ በዋይፋይ የሚሰራውን ይያዝ፣ ጎን የሚያሳይ ሁለተኛ ካሜራ ካለው ወይም ትንሽ መስታወት ካለው እሱ ይሻላል ምክንያቱም ቀጥታ ብቻ የሚያየው ቫልቩን አያሳይህም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፣ ርካሾቹ ካሜራዎች ሙቀት አይችሉም። ካንዴላዎቹን ነቅለህ በተራ ቁጥራቸው አስቀምጣቸው፣ ጥርሱ ላይ ብቻ ዘይት ካለ ከላይ ከቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የወረደ ነው፣ ጫፉ ላይ ግን እርጥብ ወይም የተጋገረ ካርቦን ካለ ውስጥ እየተቃጠለ ነው። ከዛ ካሜራውን በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ የፒስተኑን አናት እይ። ደህና ፒስተን አናቱ እስከ ጠርዙ እኩል ጠቁሮ ነው የምታየው። ጠራጊው ፋሻ የሞተበት ግን ዳር ዳሩ በዘይት ታጥቦ ብረቱ ያብረቀርቃል መሀሉ ብቻ ጥቁር ነው፣ አንዳንዴም ዘይቱ ራሱ ተኝቶ ታየዋለህ። አራቱንም ፎቶ አንስተህ አስተያይ። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጭረት ካየህ ግን ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሲሊንደሩም መሰራት አለበት። የፒስተኑ ዳር ደረቅ ሆኖ የቫልቩ ግንድ አካባቢ እርጥብ ካርቦን ከተቆለለ ሁለተኛው መካኒክህ ነው ልክ።

ኮምፕሬሽን መለኪያው የሚጠቅምህ የላይኞቹ ፋሻዎችም አልቀው እንደሆነ ለማወቅ ነው። በጎማ ተጭኖ የሚያዘውን ሳይሆን ቀዳዳው ላይ የሚጠመዘዘውን ይግዛ፣ 14 እና 12 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ይሁን። ሞተሩን አሙቀህ ሁሉንም ካንዴላ ንቀል፣ የነዳጁን ፊውዝ አውጣ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጠህ አዙር። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ካገኘህ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው፣ ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ሊክዳውኑ የታመቀ አየር ስለሚፈልግ አንተ ጋ ኮምፕሬሰር ከሌለ ጎሚስታ ቤት ካልወሰድከው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስካነሩ ስንት ዘይት እንደተቃጠለ አያውቅም፣ ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ከተበላሸ በኋላ ነው መብራት የሚያበራልህ።

ጥያቄ፣ አሁንም ከአዳማ

ቪትዝ አለችኝ። ኮምፕሬሽን አስለካሁና አራቱም ከ150 እስከ 155 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሆኑ፣ መጽሐፉ 190 ይላል። ሞተርሽ አልቋል ተባልኩ፣ እውነት ነው?

መልስ

እህቴ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ሞተር እንዳታስወርጂ። መጽሐፉ የጻፈው ለባህር ጠለል ነው። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው 82 በመቶ ገደማ ነው፣ 190ን በዛ ብታባዢው 155 አካባቢ ይመጣል፣ ያንቺ ማለት ነው። ሀዋሳም ያው ነው፣ አዲስ አበባ ቢለካ ደግሞ ከዚህም ይወርድ ነበር። ዋናው አራቱ መቀራረባቸው ነው፣ በመካከላቸው ከ15 ፒኤስአይ በላይ ልዩነት ቢኖር እኔም እጨነቅ ነበር። ባትሪሽ ደክሞ ከነበረም ቁጥሩን ያወርደዋል።

ጥያቄ፣ ከወንጂ

የኔ ናፍጣ ፒክአፕ ነው ተርቦ አለው፣ እሱም ዘይት ይቀንሳል። ልጄ የቤንዚን መኪና ኮምፕሬሽን መለኪያ አለው፣ በሱ ይለካልኝ?

መልስ

ጋሼ፣ እባክዎ አይሞክሩት። የቤንዚኑ መለኪያ አብዛኛው እስከ 300 ፒኤስአይ ነው፣ ናፍጣ ሞተር 400ንም ያልፋል፣ መለኪያው ይበላሻል ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ለናፍጣ እስከ 1000 የሚያነበውን ነው የሚፈልጉት። ከዛ በፊት ግን ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ከተርቦው የሚወጣውን የአየር ቱቦ ያስፈቱ፣ ስስ ቅባት ካለ ግዴለም፣ ዘይት ከተኛ ግን ተርቦውን ይጠርጥሩ። ወደ ተርቦው አየር የሚገባበትንም ቱቦ ያስፈቱና መሀሉ ላይ ያለውን ዘንግ በጣት ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዙት፣ ክንፉ ቤቱን የሚነካ ከሆነ መኪናውን አይንዱት፣ ተርቦው ዘይቱን ወደ ሞተሩ ሊያስገባ ይችላል፣ የናፍጣ ሞተር በራሱ ዘይት መስራት ከጀመረ በቁልፍ አይጠፋም።