የረጨሁት ብረት ለምን ከጫፉ ይነሳል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የ60 ሚሊ ፓምፕ ሻፍት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ነበር። በአርክ ስፕሬይ (ሽቦን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ በአየር የሚረጭ መሣሪያ) በ18/8 ስቴንለስ ሽቦ (18% ክሮም፣ 8% ኒኬል) 2 ሚሊ ሞላሁት። ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ስመጣ ከጫፉ ተነስቷል፣ በርዝመቱም ተሰንጥቋል። ሽቦው ፎርጅድ ይሆን?»

ሽቦውን ተወው ወንድሜ። ሥራውን የሠራው ጉተታ ነው። ቀልጦ የሚያርፈው ጠብታ ከሻፍቱ ጋር ይጣበቅና በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይፈልጋል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ግን አይለቀውም። እንደተወጠረ ይቀራል። በላዩ ሌላ ንብርብር፣ ሌላ ውጥረት። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ጫፉን የሚገነጥለው ጉልበት ይጨምራል። ይባስ ብሎ 18/8 በየዲግሪው የርዝመቱን 17 ሚሊዮንኛ ገደማ ሲኮማተር ተራ ብረት 12 ብቻ ነው።

ሻፍቱን ከመንካትህ በፊት በላሜራ ሞክር። 1.5 ሚሊ ውፍረት፣ 25 ሚሊ ስፋት ያለው ቁራጭ ውሰድ። ሁለቱንም ፊት እኩል ሳንድብላስት አድርግ (በአየር ግፊት አሸዋ መሰል ብናኝ ምታው)፤ አንዱን ብቻ ከመታህ ሳትረጨው ራሱ ይጎብጣል (እኔም ተሸውጄበታለሁ)። ጫፎቹን በብሎን እሰር። ለሻፍቱ በምትጠቀመው ርቀትና ፍጥነት 0.2 ሚሊ ርጭ። ሲቀዘቅዝ ፍታው። ጫፎቹ ወደ ተረጨው ፊት ከተነሱ ጉተታ አለ ማለት ነው።

መጠኑን ከፈለግህ ስቶኒ የተባለ ሳይንቲስት በ1909 ያወጣው ሒሳብ አለ። በ200 ሚሊ ርዝመት መሃሉ ላይ 2 ሚሊ ከጎበጠ፣ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ውጥረት በሚሊ ካሬ ወደ 150 ኒውተን ይደርሳል። ግምት ነው፤ የሚሠራውም ሽፋኑ ከላሜራው በጣም ሲሳሳ ነው። ላቦራቶሪ ያላቸው ስትሬይን ጌጅ (የብረትን መለጠጥና መኮማተር የሚለካ ስስ መሣሪያ) ለጥፈው ትንሽ ቀዳዳ ደረጃ በደረጃ እየበሱ የሚለቀቀውን ይለካሉ። ኤክስሬይም አለ፣ ግን የሚያየው የላዩን ጥቂት ማይክሮን ነው።

ለአንተ ሥራ 13% ክሮም ያለው ሽቦ ይሻላል። ሲቀዘቅዝ የውስጥ አወቃቀሩ ተቀይሮ ትንሽ ይሰፋል፣ ከጉተታው ላይ ይቀንስልሃል። ከሥሩ ሽፋኑን የሚያጣብቅ ቀጭን የኒኬል አልሙኒየም ንብርብር አስቀድም። ከመርጨትህ በፊት ሻፍቱን በቶርኖ ስትቀንስ የሚሞላውን ቦታ ጫፍ ቀጥ ያለ ግድግዳ አታድርገው፣ 45 ዲግሪ አዘንብለው። አንድ ቦታ ላይ ቆመህ አትርጭ፤ በስስ በስሱ፣ በአየር እያቀዘቀዝክ ሂድ።

የተነሳው ላይ ግን ደርበህ እንዳትረጭ። እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ በቶርኖ አንሳው።