ዋልተር ተል በ10 ጨዋታ አይለካም

ወንድሜ፣ «ዋልተር ተል ቶተንሃም ውስጥ 10 የሊግ ጨዋታ ብቻ አድርጎ፣ 2 ጎል አግብቶ የቀረው አቅም አንሶት ነው ወይስ በቆዳው ቀለም?» ብለህ ጠይቀሃል። ተል በኋላ በተጫወተባት የእንግሊዝ ከተማ በኖርዝሃምፕተን አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ በልጅነቴም አጥቂ ነበርኩ። ለእኔ መልሱ አቅም አይደለም።

ተል ከቀደሙት ጥቁር የእንግሊዝ ሊግ ተጫዋቾች አንዱ ነው፤ ቶተንሃምን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። አባቱ የባርቤዶስ አናጢ፣ እናቱ እንግሊዛዊት፤ ሁለቱም ሞተውበት ለንደን ውስጥ በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነው ያደገው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ብሪስቶል ሄደው ሲጫወቱ የተመልካቹ ከፊል በቀለሙ ክፉኛ ሰደበው። ጨዋታውን የዘገበው ጋዜጠኛ ግን በሜዳው ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ ምርጡ እሱ ነበር ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። ያኔ ደግሞ ቅያሪ የሚባል ነገር የለም፤ የእንግሊዝ ሊግ ቅያሪ የፈቀደው በ1965 ነው። ከ11ዱ ካልገባህ የመጨረሻዋን 20 ደቂቃ እንኳ ገብተህ ራስህን አታሳይም።

እኔ በ17 ዓመቴ ለአንድ ቡድን ስጫወት፣ ከሜዳችን ውጪ ኳስ በነካሁ ቁጥር ከአጥሩ ጀርባ ሆነው በአነጋገሬ ይሰድቡኝ ነበር። ጥሩ እየተጫወትኩ ነው። እረፍት ላይ አሰልጣኙ «ለአንተው ብዬ ነው» አለና ማሊያዬን አስወለቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም አልተሰለፍኩም። ከዚያ በኋላ በልምምድ ላይ እንኳ ኳስ ሲደርሰኝ ወደ ጎል መዞር ትቼ ቶሎ ማቀበል ጀመርኩ። አጥቂ እንዲህ ነው የሚጠፋው። ተልንም ያወረደው የተመልካቹ ጩኸት ነው ብዬ አምናለሁ።

አቅሙን ማየት ከፈለግህ ቀጥሎ ያለውን ተመልከት። በ1911 ኸርበርት ቻፕማን፣ ያ በኋላ አርሰናልን ታላቅ ያደረገው አሰልጣኝ፣ ወደ ኖርዝሃምፕተን ክለብ ወሰደው። እዚያ ከ100 ጨዋታ በላይ ተሰለፈ። ጎሎቹ 9 ብቻ ናቸው ብለህ እንዳትንቀው፤ ከአጥቂነት ወደ አማካይ ተዛውሮ ስለነበር ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በ1914 መጨረሻ፣ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ወደሚባለው የእንግሊዝ ጦር ክፍል ገባ፤ መኮንንም ሆነ። ማርች 25 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ በ29 ዓመቱ ተገደለ። ጓዶቹ አስከሬኑን ለማውጣት ቢሞክሩም አልቻሉም፤ መቃብር የለውም። ኖርዝሃምፕተን ስታዲየም አጠገብ ግን መታሰቢያው ቆሟል። ከሌሊት ሥራ ስመለስ በዚያ በኩል ነበር የማልፈው፤ ብዙ ቀን ቆሜ ስሙን አንብቤያለሁ።