ራኒንግ ባክና ድራፍት፦ የጠየቃችሁትን ኮች ይመልሳል

ኮች፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ በአሜሪካ እግር ኳስ ስለ ራኒንግ ባክ (ኳሱን ይዞ ስለሚሮጠው ተጫዋች) እና ስለ ድራፍት (የሊጉ ቡድኖች በየዓመቱ በተራ አዲስ ተጫዋች ስለሚመርጡበት) የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ለ11 ዓመት የሃይስኩል ልጆችን ኦፌንሲቭ ላይን (ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱትን) አሠልጥኛለሁ። ስለዚህ ሯጩን ለብቻው አላየውም፤ ከፊቱ ካሉት 5 ሰዎች ጋር ነው የማየው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የ2 ደቂቃ ቅንጭብ ቪዲዮ አይታችሁ በሰው ላይ አትፍረዱ። ዛሬ ይሄን ደጋግሜ እላችኋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ኮች እንደምን አመሹ። በእርስዎ ግምት ከራኒንግ ባኮች ሁሉ የባሰው የድራፍት ኪሳራ ማን ነው?

ኮች፦ ትሬንት ሪቻርድሰን። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ ምክንያት ነው የሚወቅሰው።

በ2012 ክሊቭላንድ በምርጫ ተራ ከ4ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት ብቻ ለሚኒሶታ 3 ተጨማሪ ምርጫ ሰጥቶ ነው የወሰደው። ልጁ አላባማ ዩኒቨርሲቲ እያለ ግድግዳ የሚያፈርስ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት 950 ያርድ ሮጠ፣ በሩጫ 11 ታችዳውን (እንደ ጎል ነው) አገባ። ሰው ደስ አለው። ግን በአንድ ሩጫ አማካዩ 3.6 ያርድ ነበር፤ ያኔውኑ የሚያሳስብ ቁጥር ነው። በሴፕቴምበር 2013 ክሊቭላንድ ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሰጠውና በምትኩ የአንደኛ ዙር ምርጫ ተቀበለ። እዚያ 157 ጊዜ ሮጦ 458 ያርድ ብቻ አመጣ። በአማካይ 2.9 ማለት ነው።

አሁን «ላይኑ ደካማ ስለነበረ ነው» የሚል ይመጣል። እኔ የላይን ሰው ነኝ፤ ሁሌም ላይኑን የምጠቅስ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ግን አልቀበልም። ክሊቭላንድ እያለ በግራ በኩል ጆ ቶማስ ነበረለት፤ ዛሬ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆቹ የክብር መዝገብ) የገባ ሰው ነው። ኢንዲያናፖሊስ ደግሞ ዶናልድ ብራውን የሚባል ሯጭ በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ላይን ጀርባ፣ በአማካይ 5.3 ያርድ ሮጧል። ያው ሜዳ፣ ያው 5 ሰው።

ችግሩ ዐይኑ ነው። በዞን አጨዋወት ላይኑ በሙሉ ወደ አንድ ጎን አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳው ወረቀት ላይ በተሣለበት ቦታ አይጠብቅህም፤ ወይ አንድ ሰው አልፎ ይከፈታል ወይ ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፈታል። ሯጩ ሁለት ሦስት እርምጃ ረጋ ብሎ ማየት አለበት፣ ከዚያ አንዴ እግሩን ተክሎ በሙሉ ኃይሉ መግባት። ሪቻርድሰን ሳያይ ይገባ ነበር። ፊልሙን ካያችሁ የራሱ ጋርድ (ከላይኑ ሰዎች አንዱ) ጀርባ ላይ ሲላተም ታገኙታላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አላባማ እያለ ቀዳዳው እንደ አውራ ጎዳና ሰፊ ስለነበረ መጠበቅን የሚማርበት አጋጣሚ አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ድራፍት ዋሺንግተን አልፍሬድ ሞሪስን በ6ኛ ዙር፣ በ173ኛ ወሰደ። ፈጣን አልነበረም። ግን ይጠብቅ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 1,613 ያርድ ሮጠ። አሠልጣኙ ማይክ ሻናሃን ነበር፤ ዴንቨር እያለ ቴሬል ዴቪስን ይዞ የሠራውን ዞን ነው ያመጣው። እንዲህ ያለ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ዐይን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እኛ የዋሺንግተን ደጋፊዎች እኮ በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ነበረን። ኳርተርባካችን (ኳስ ወርዋሪው) ሮበርት ግሪፊን ባይጎዳ ኖሮ ዛሬ ስንት ዋንጫ እናወራ ነበር።

ዳላስ በደሜ፦ ግሪፊንን ለመውሰድ ለራምስ ቡድን የከፈላችሁት 3 የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው። ባይጎዳም ቡድን የምትሠሩበት አልቀረላችሁም ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር ጉልበቱ እያመመው ሜዳ ላይ ባይተዉት ኖሮ ዋጋው አይቆጭም ነበር። ያን ቀን እንዴት እንዳመመኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኮች፦ ሁለታችሁም ስለ ኳርተርባክ ነው የምታወሩት። ግሪፊን ሌላ ቀን። ቀጣይ ጥያቄ።

አቤል፦ ኮች ስለ ራኒንግ ባክ ምን ትላለህ?

ኮች፦ የማን? የየትኛው ዓመት? አጥብብና ተመለስ።

ዳላስ በደሜ፦ በአንደኛ ዙር ራኒንግ ባክ መውሰድ ትክክል ነው ወይስ ስህተት? አዎ ወይም አይ በሉን።

ኮች፦ በአዎና በአይ አይመለስም። ቡድኖች ራሳቸው ተከፋፍለዋል። በ2013፣ በ2014 እና በ2024 በአንደኛ ዙር አንድም ራኒንግ ባክ አልተመረጠም። በ2023 ግን ቢጃን ሮቢንሰን 8ኛ፣ ጃሚር ጊብስ 12ኛ ወጡ። ከ1 እስከ 10 ባለው ምርጫ ሯጭ የምትወስደው ላይንህ ዝግጁ ከሆነ ብቻ ነው። የጀማሪ ኮንትራቱ 4 ዓመት ነው፤ የሯጭ ጉልበት ደግሞ አይጠብቅም። ላይን ሳይኖርህ ከወሰድከው፣ ላይኑን ሠርተህ ስትጨርስ ልጁ ደክሞ ታገኘዋለህ። ያንተው ቡድን በ1990 ኤሚት ስሚዝን በ17ኛ ወሰደ፤ በሙያ ዘመኑ በሮጠው 18,355 ያርድ እስከ ዛሬ የሊጉ ክብረ ወሰን የሱ ነው። በዚያው ቀን ጄትስ ብሌየር ቶማስን በ2ኛ ወሰደ። ቶማስ ግን እዚያ አልደረሰም፤ ልዩነቱን ታውቀዋለህ።

ሚኒሶታ በረዶው፦ ብሌየር ቶማስ የፔን ስቴት ልጅ ነው። ኪ-ጃና ካርተር በ1995፣ ኩርቲስ ኢኒስ በ1998፣ እነሱም ከፔን ስቴት። ዩኒቨርሲቲው እርግማን አለበት ስል ማንም አይሰማኝም።

የኒው ዮርኩ፦ እኔም እንደዛ አስባለሁ። የፔን ስቴቱ ሳኮን ባርክሌይም እኛ ጃያንትስ ጋ እያለ ጉልበቱ ሄደ።

ኮች፦ እርግማን የለም። ይሄን ወሬ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፣ ይሰለቻል። ፍራንኮ ሃሪስስ ከየት ነው? ከፔን ስቴት ነው፣ በ1972 በ13ኛ ወጥቶ ከስቲለርስ ጋር 4 ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) በልቷል።

ኪ-ጃና ካርተር ያሳዝነኛል። በ1995 ሲንሲናቲ ከሁሉም በፊት አንደኛ አድርጎ ወሰደው። ገና ውድድሩ ሳይጀመር፣ በዝግጅት ጨዋታ፣ ኳሱን ለ3ኛ ጊዜ ይዞ ሲሮጥ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በሕይወት ዘመኑ በጠቅላላ 1,144 ያርድ ነው የሮጠው። ይሄ ልጅ ችሎታ አልጎደለውም፣ ዐይንም አልጎደለውም። እሱን ከሪቻርድሰን ጋር በአንድ ዝርዝር የምትከቱ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ኪሳራና ጉዳት አንድ አይደሉም። በዚያው ድራፍት ኩርቲስ ማርቲን በ74ኛ፣ ቴሬል ዴቪስ በ196ኛ ተገኙ። ሁለቱም ሆል ኦፍ ፌም ናቸው። ዴቪስ በ1998 2,008 ያርድ ሮጧል። ስለዚህ የምርጫ ቁጥሩ ሰውየውን አይሠራውም።

ሳሮን፦ ለፋንታሲ (በተጫዋቾች ውጤት ነጥብ ለሚያዝበት ጨዋታ) ዘንድሮ ማንን ልያዝ?

ኮች፦ ፋንታሲ አልጫወትም።

የፊሊው ልጅ፦ ኮች፣ ሳኮን ባርክሌይ ለጃያንትስ ኪሳራ ነበር? ጓደኞቼ በዚህ ተጣልተዋል።

ኮች፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በ2018 በ2ኛ ወጣ። በመጀመሪያ ዓመቱ በሩጫና በቅብብል 2,028 ያርድ ሰበሰበ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። በ2020 በሁለተኛው ጨዋታ ቺካጎ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ በኋላም ጃያንትስ የሚረባ ላይን አልሠራለትም። ኳሱን ሲቀበል ተከላካይ ፊቱ ቆሞ ነበር። በማርች 2024 ለ3 ዓመት በ37.75 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። በአንድ ዓመት 2,005 ያርድ። ፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውል፣ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22።

ልጁ ተቀይሮ ነው? አይደለም። ከፊቱ ያሉት ናቸው የተቀየሩት። የኢግልስን (የፊላደልፊያን) የግራ ታክል፣ የላይኑን የግራ ጫፍ ሰው፣ ጆርዳን ማይላታን እዩት። አውስትራሊያዊ ነው፤ ራግቢ ነበር የሚጫወተው። በዚያው በ2018 ድራፍት በ7ኛ ዙር፣ በ233ኛ ነው የተመረጠው። እስቲ አስቡት፤ 2ኛ የወጣው ልጅ ያን ታሪክ የሠራው 233ኛ የወጣው ልጅ በሚከፍትለት ቀዳዳ ነው። እኔ ለ11 ዓመት ለወላጆች ላስረዳ የሞከርኩት ይሄንን ነው።

ስለዚህ ባርክሌይ ኪሳራ አልነበረም። ኪሳራው አጠቃቀሙ ነው።

የኒው ዮርኩ፦ ኮች ከይቅርታ ጋር፣ ጉዳቱንም መቁጠር አለብህ። እኛ እኮ ስንት ጨዋታ ያለ እሱ ተቀመጥን።

የዴንቨሩ፦ እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ባርክሌይ ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ካስመዘገበው የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን፣ 2,105 ያርድ፣ በ100 ያርድ ብቻ ሲያንስ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ለምን አላስገቡትም? ታሪክ እኮ ነው።

የፊሊው ልጅ፦ ዋንጫው አይበልጥም?

የዴንቨሩ፦ ዋንጫ በየዓመቱ አለ። ያ ክብረ ወሰን 40 ዓመት ቆሟል።

የኒው ዮርኩ፦ ያውም የመጨረሻው ጨዋታ ከኛ ጋር ነበር። በኛው ላይ ቢሰብረው ቴሌቪዥኔን አጠፋ ነበር።

ኮች፦ ማሳረፋቸው ልክ ነው። 345 ጊዜ ኳስ ይዞ ተመትቷል። ያረፈበት ሳምንት ምን እንደጠቀመው ከዋሺንግተን ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ አይታችኋል፤ ገና በቡድኑ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ 60 ያርድ ሮጦ አገባ። 55 ለ23 አለቀ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እባክዎ ኮች። ከ30 ዓመት በላይ ጠብቀን ነው እዚያ የደረስነው።

ኮች፦ አውቃለሁ ወንድሜ። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ አዝኛለሁ።

ናቲ፦ ከሁሉም የባሰ ኪሳራ የምትሉት ራኒንግ ባክ ማንን ነው?

ኮች፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄው ነበር። ሪቻርድሰን። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል።

ዮኒ፦ አሽተን ጂንቲስ? ሬደርስ በ2025 በ6ኛ ወስደውታል። ቪዲዮውን አይቼ ብዙም አልጣመኝም።

ኮች፦ ቪዲዮ አይታችሁ አትፍረዱ ብያለሁ። ገና ጀማሪ ነው። አልመልስም።

ሚኒሶታ በረዶው፦ ለአንድ ሯጭ የተከፈለ ትልቁ ዋጋ የቱ ነው? የኛ የኸርሼል ዎከር ይመስለኛል።

ኮች፦ በድራፍት ቀን ከሆነ የሪኪ ዊሊያምስ ነው። በ1999 ኒው ኦርሊንስ ከ12ኛ ወደ 5ኛ ለመውጣት የዚያን ዓመት ምርጫውን በሙሉ፣ በዚያ ላይ የ2000ን የአንደኛና የሦስተኛ ዙር ለዋሺንግተን ሰጠ። አንድ ሰው ብቻ መርጦ ወደ ቤቱ ሄደ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ሪኪ ግን መጥፎ ሯጭ አልነበረም፤ በ2002 ማያሚ ሆኖ በ1,853 ያርድ ሊጉን መርቷል። ዋጋውን የተመነው ሌላ ሰው ነው፣ ስድቡን የተቀበለው እሱ።

ሚኒሶታ ዎከርን ከዳላስ በምርጫ ለውጦ የወሰደው ደግሞ በ1989 ነው፣ ከድራፍት ውጪ። ከናንተ በተገኘው ምርጫ ነው ዳላስ ወደ ላይ ወጥቶ ኤሚት ስሚዝን የወሰደው።

ዳላስ በደሜ፦ ሚኒሶታዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሚኒሶታ በረዶው፦ እኛም በኋላ አድሪያን ፒተርሰንን በ7ኛ አግኝተናል። በዲሴምበር 2011 ጉልበቱ ተበጥሶ በቀጣዩ ዓመት 2,097 ያርድ የሮጠ ሰው። ከሱ የሚበልጥ አላየሁም።

ዳላስ በደሜ፦ ኤሚት 3 ሱፐር ቦውል አለው። ፒተርሰን ስንት አለው?

ኮች፦ ዋንጫ የቡድን ነው። ይበቃል። አንድ ሁለት ጥያቄ ልውሰድ፣ ነገ ሥራ አለኝ።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ወንድሜ፣ ልጄ ዘንድሮ ራኒንግ ባክ ልሁን እያለ አስቸግሮኛል። እኔ ጨዋታውን አላውቀውም፣ እፈራለሁ። ልፍቀድለት?

ኮች፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። የጤናውን ነገር ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔ የምለው አሠልጣኙን ሂጂና በግንባር አነጋግሪው። ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። «ያን ቀን አይመለስም፣ ሐኪም ሳያየው አይጫወትም» ካላለሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ሌላው፣ በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይወሰን። ላይን ላይም ይሞክር፣ መከላከልም ይማር። መሮጥ ብቻ የተማረ ልጅ ከፊቱ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራለት አይገባውም።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ኮች፣ እናንተ ስትከራከሩ እኔ ገብቼ በዲሴምበር 30፣ 2012 ከዳላስ ጋር የተጫወትነውን ደግሜ እያየሁ ነው። ሞሪስ 200 ያርድና 3 ታችዳውን ያደረገበት። ያሉት ልክ ነው፣ በርግጥም ይጠብቃል። ያኔ ዝም ብሎ ዕድለኛ ይመስለኝ ነበር።

ዳላስ በደሜ፦ ያን ጨዋታ ማን አምጣ አለህ?

ኮች፦ ጎበዝ። አሁን ከመጀመሪያው ጀምርና ሞሪስን ተወው። ቁጥር 71ን ብቻ ተከተል። የዋሺንግተን የግራ ታክል ትሬንት ዊሊያምስ ነው።