ሠዓሊዋን በመጨረሻው ቀን አትጥራት

በዚህ ሳምንት የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ ሰፈር ናቸው። ደስ አለኝ። ልጆቹ ጥበብንና ቴክኖሎጂን አብሮ መሥራት ይፈልጋሉ፤ መንገዱ ነው የጠፋባቸው።

«ጋሼ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የምታሳምርልኝ ሠዓሊ ከየት ላግኝ?»

«የምታሳምርልኝ» የምትለውን ቃል ተዋት የኔ ልጅ። ሥራው ካለቀ በኋላ የተጠራች ሠዓሊ ቀለም ከመቀባት ውጪ ምን ይቀርላታል? ሐሳቡ ገና ሲጠነሰስ ጥራት።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ቢሊ ክሉቨር የሚባል ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም የሚሠራ መሐንዲስና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ 10 አርቲስቶችን ከ30 ገደማ መሐንዲሶች ጋር አገናኙ። ከዚያ ከወጡት ሥራዎች አንዱ የቴኒስ ጨዋታ ነበር። ራኬቶቹ ላይ ማይክሮፎን ተገጠመ። ኳሷ በተመታች ቁጥር ድምፁ አዳራሹን ያናውጣል፣ አንድ መብራት ይጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። መሐንዲስ ብቻውን ቢሆን መብራት የሚያጠፋ ራኬት ለምን ይሠራል? ሠዓሊስ ብቻውን እንዴት አድርጎ ይገጥመዋል? እኔ አብሮ መሥራት የምለው ይህን ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ታክሲ ያዝና ወደ መሃል ከተማ ውጣ። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ሲኖር ሂድ። በግማሽ የሚሠራ ነገርህን ይዘህ ሂድና «ይሄ ምን ያስታውስሻል?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ።

«ሥዕል ተማሪ ነኝ። ከቴክኖሎጂ ልጆች ጋር ስሠራ ፖስተር ሠሪ ብቻ እሆናለሁ፤ ስሜም አይነሳም።»

ይሄ በጣም ያመኛል፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይሉኝታ አይያዝሽ እህቴ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ፦ የማን ስም የት ይጻፋል፣ ሥራው ከታየ በኋላ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ቢሸጥ ብሩን እንዴት ትካፈሉታላችሁ። ደግሞ አንቺም ሽቦ መበየድ ተማሪ፣ እሱም እርሳስ ይያዝ። ጎበዝ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ አንዱ የሌላውን ድካም ማወቁ ይበቃል።

«ዕቃ መግዣ ብር የለንም።»

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂዱ። የተጣለ ሬዲዮ፣ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የሽቦ ዓይነት ሞልቷል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በዓለም የታወቁ ሥራዎቹን የሠራው ከእንዲህ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ነው። እሱና መስከረም አሰግድ መካኒሳ የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየምም ሄዳችሁ እዩት፤ ሕንፃው ራሱ ጭቃና ጭድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ወፍራሙን የድሮ ቴሌቪዥን ራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል።

«መምህር ነኝ። ከሁለት የትምህርት ክፍል የመጡ ተማሪዎች አብረው ለሠሩት ሥራ ማርክ እንዴት ልስጥ?»

ከእርስዎ ጋር ከሌላው ክፍል አንድ መምህር ይቀመጡ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ያለቀውን ዕቃ ብቻ አይመልከቱ። የሥራ ደብተራቸውን ያስመጡ፤ ያልሠራው ሙከራ፣ የተሰረዘው ንድፍ፣ የተከራከሩበት ሁሉ እዚያ አለ። ለእሱም ማርክ ይስጡ። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ይተዉላቸው።