ቸርኬዎ ከተጫረ፣ ሽቦ ከማንሳትዎ በፊት

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ የመኪና ጥያቄዎች መካከል ስለ አሉሚኒየም ቸርኬ ጭረት የሚያነሱት በርክተዋል። ሞተሩ ሲያንኳኳ «ትንሽ ይቆይ» የሚል ባለመኪና ቸርኬው ሲጫር እንቅልፍ ያጣል። አልፈርድበትም፤ ሞተሩን የሚያየው መካኒኩ ብቻ ነው፣ ቸርኬውን ግን መንደሩ በሙሉ ያየዋል። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬ እንዲህ መልሻቸዋለሁ።

«የምነዳው ቪትዝ ነው። መገናኛ አካባቢ ጥግ ይዤ ስቆም የቀኙ የፊት ቸርኬ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተፋተገና ነጣ ያሉ ጭረቶች ወጡበት። በጣም ጥልቅ አይመስሉም። ራሴ ላጠፋቸው እችላለሁን?» (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

ይችሉ ይሆናል፤ በቅድሚያ ግን የሚያዩት ነገር በእርግጥ ጭረት መሆኑን ያረጋግጡ። የመንገድ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ነው። ሲፋተግ ቀለሙም የድንጋዩ ዱቄትም ቸርኬው ላይ ይጣበቃሉ፤ ባለመኪናውም «ተላጠ» ብሎ ይደነግጣል። ቸርኬው ሲቀዘቅዝ በሳሙና ውኃ በደንብ ይጠቡት። ሲደርቅ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ነጣ ያለውን ቦታ ይሹት፤ ጋዙ ጎማውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ሲጨርሱም እንደገና በሳሙና ያጥቡት። ግማሹ «ጭረት» በዚህ ብቻ ሊለቅ ይችላል።

የቀረውን በጥፍርዎ ይመርምሩት። ጥፍርዎን በጭረቱ አግድም ቀስ አድርገው ይጎትቱ። ሳይዝዎት ካለፈ ጭረቱ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው የነካው። ከያዘዎት ወደ ቀለሙ ወይም ወደ አሉሚኒየሙ ወርዷል፤ ለእሱ ከዚህ በታች ያለውን የባሕር ዳሩን ልጅ መልስ ያንብቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አብዛኛው ቸርኬ ከአሉሚኒየሙ በላይ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው)፣ ከዚያ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን አለው። ክሊሩ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። እርስዎ የሚሠሩት በዚያች ስስ ነገር ውስጥ ስለሆነ ጉልበት አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልግዎ ዓይን ነው።

ጭረቱ ጥፍር የማይዝ ከሆነ በመጀመሪያ የመኪና ቀለም ማጽጃ ኮምፓውንድ በጨርቅ ይሞክሩ፤ ትንሽ ቀብተው በክብ በክብ ይሹ፣ ይጥረጉ፣ ይዩ። ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት ይግዙና ሳሙና ያለው ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት። በጎማውና በቸርኬው መካከል ያረጁ የመጫወቻ ካርታዎችን ወይም የተቆረጠ ካርቶን ዙሪያውን ይሰኩ፤ ጎማውን ይጠብቅልዎታል። ከዚያ ሁልጊዜ እያረጠቡ፣ በጣት ጫፍ ክብደት ብቻ፣ አጠር አጠር አድርገው ይፈግፍጉ።

አሁን ውኃውን ይመልከቱ። የሚወርደው ውኃ እንደ ወተት ከነጣ የሚነሣው ክሊሩ ነው፤ ጥሩ ነው። ውኃው የቸርኬውን ቀለም ይዞ መውረድ ከጀመረ ግን ክሊሩን ጨርሰው ቀለሙ ላይ ደርሰዋል፤ እዚያው ያቁሙ። የፈገፈጉት ቦታ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ አይደንግጡ፣ ኮምፓውንዱ ያንን ጉም ያነሣና ብርሃኑን ይመልሳል። በመጨረሻ የመኪና ሰም ይቀቡበት። ጎንበስ ብሎ ለሚፈልግ ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር ቢቀር ይተዉት። እሱን ለማጥፋት ሲሉ ክሊሩን የበሱ ሰዎች ናቸው ኋላ ወደ ቀለም ቀቢ የሚሮጡት።

«ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና ቀባበት ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ። ባለቤቴ በድስት ሽቦ ፈግፍገው ትላለች። ማንን ልስማ?» (ከአዳማ)

ባለቤትዎን በሌላው ጉዳይ ሁሉ ይስሟት። የድስት ሽቦ ክሊሩን በአንድ ጊዜ በሺህ ጭረት ይሞላዋል፤ የሽቦው ስባሪም ቸርኬው ላይ ቀርቶ ይዝጋል። የጥርስ ሳሙና በጣም የላመ መፈግፈጊያ ስላለበት ቀላል ድብዝዝታን ሊያነሣ ይችላል፤ ኮምፓውንድ ከሚሠራው ጥቂቱን ይሠራል ማለት ነው። ደብሊው ዲ ፎርቲ ደግሞ ጭረቱን በዘይት ሞልቶ ለጊዜው ይደብቀዋል፤ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ። መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን ዘዴ ሊያውቀው ስለሚችል ገዢዎች ቸርኬውን አስጠርገው ይዩ።

«ጋሼ፣ የእኔ ጭረት ጥፍር ብቻ ሳይሆን ሳንቲምም ይይዛል። አሉሚኒየሙ ያብረቀርቃል። ስፕሬይ ገዝቼ ራሴ ልቀባው አስቤያለሁ፤ ምን ትመክረኛለህ?» (ከባሕር ዳር)

ጎበዝ፣ ቸኩለህ ስፕሬዩን አትንቀጥቅጠው። የቀለም ሥራ ዘጠኝ እጁ ዝግጅት ነው። ከተቻለህ ቸርኬውን ከመኪናው አውርደው። ቅባትና ሰም አንድም ሳይቀር አጽዳ፤ ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ቀለም አይይዝም። የጭረቱን ሹል ጠርዝ በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ጉድጓድ ካለ ለብረት የሚሆን ስቱኮ ሙላበት፤ ሲደርቅ በ400፣ ቀጥሎ በ600 አስተካክለው። ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን አሳልፍ፤ ጣትህ ያወቀውን ሸካራነት ቀለሙ አይደብቅልህም፣ እንዲያውም ያጎላዋል።

ከዚያ ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር፤ ሁሉም በስሱ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በየመሃሉ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ እየጠበቅህ። አንድ ወፍራም ንብር ከምትረጭ ሦስት ስሶች ይሻላሉ፤ ወፍራሙ ይንጠባጠባል። ብር ቀለም ሁሉ አንድ አይነት እንዳይመስልህ፤ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ረጭተህ፣ ሲደርቅ ቸርኬው አጠገብ በፀሐይ ብርሃን አስተያየው። ስትረጭ ግን ጥላ ውስጥ ሁን። የፍሬን ዲስኩ ላይ ቀለምም ሰምም እንዳይደርስ፤ ቸርኬውን ሳታወርድ የምትሠራ ከሆነ ዲስኩን በፕላስቲክ በደንብ ሸፍነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ የምነግርህ አለ። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን የጀርባውን ፊትና ዳዶዎቹ የሚቀመጡባቸውን ቀዳዳዎች አትቀባ። እዚያ የገባ ቀለም ከጊዜ በኋላ ይጨፈለቃል፣ ዳዶው ይላላል፣ ጎማህም በመንገድ ላይ ጥሎህ ሊሄድ ይችላል። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ስትገጥመው ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እያጠበቅህ ሂድ። የብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር መጥበቅ ይፈልጋል፤ መኪናህ ሌላ ከሆነ መመሪያውን እይ፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያለው ጎሚስታም ፈልግ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ደግመህ አስፈትሽ።

«ሁልጊዜ የሚጫረው የቀኙ ቸርኬ ነው። የግራዎቹ አዲስ ይመስላሉ። ለምን?» (ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ)

በቀኝ ስለምንነዳ የምንቆመውም በቀኝ ጠርዝ ነው፤ እርስዎ ግን የተቀመጡት በግራ ነው። ጠርዙ አይታይዎትም። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ የፊቱ አለፈ ብለው ሲዝናኑ የኋላው ጠርዙን ይልሳል። ሲያቆሙ የቀኙን የኋላ ማያ መስታወት ዝቅ አድርገው የኋላ ጎማዎ እንዲታይዎት ያስተካክሉት።

ቸርኬ አስቀይረው ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጎማው ላይ 175/65R14 የሚል ካለ፣ 65ቱ የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል። በ195/45R16 ሲተካ የጎማው ጠቅላላ ቁመት እምብዛም አይለወጥም፤ የጎኑ ከፍታ ግን ወደ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያማረ ነገር ነው። ጠርዙንና ጉድጓዱን የሚከላከልልዎት ላስቲክ ግን ቀነሰ።

«ከኢትዮጵያ ከመጣሁ ወዲህ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የቸርኬዬ ፊት የሚያብረቀርቅ ሆኖ ቀጫጭን የክብ መስመሮች ያሉበት ነው። ከክረምቱ በኋላ ትል የሄደበት የመሰለ ነጭ መስመር ወጣበት። ጭረት መስሎኝ ፖሊሽ ባደርገው ንቅንቅ አልል አለ።»

እህቴ፣ ንቅንቅ የማይለው ከክሊሩ በታች ስላለ ነው። ያንቺ ቸርኬ ፊቱ በማሽን ተቆርጦ፣ እርቃኑን አሉሚኒየም ላይ ክሊር ብቻ የተደረገበት ነው። ቀጫጭኖቹ የክብ መስመሮች የማሽኑ ቢላ ዱካ ናቸው። ጠጠር ወይም የመንገድ ጠርዝ ክሊሩን በትንሹ ሲሰነጥቀው ለበረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውና ውኃ በዚያች ስንጥቅ ይገባሉ፤ አሉሚኒየሙን እየበሉ ከክሊሩ ሥር ይጓዛሉ። ከላይ ስትወለውዪው ብትውዪ አይደርስበትም።

እንዲህ ያለውን ቸርኬ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኪው፤ የቢላው ዱካ ከጠፋ በእጅ አይመለስም። መፍትሔው ክሊሩን ሙሉ በሙሉ አስነሥቶ ፊቱን እንደገና በማሽን ማስቆረጥና እንደገና ክሊር ማስደረግ ነው። በተቆረጠ ቁጥር ብረቱ ስለሚሳሳ ይህ ደጋግሞ የሚሠራ ነገር አይደለም። ወጪው ከበዛብሽ ሙሉውን ቸርኬ ቀለም ማስቀባት ይቀልላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር። ለሚመጣው ክረምት ደግሞ የበረዶ ጎማዎችሽን ርካሽ የብረት ቸርኬ ላይ አስገጥሚና ጨው እሱን ይብላ።

«ላቫጆ ውስጥ ቸርኬ ላይ ብቻ የሚረጩት ፈሳሽ አለ። ወዲያው ያበራዋል፤ አሁን ግን ቸርኬዬ እየደበዘዘ፣ ጥቃቅን ጭረት የመሰለ ነገር እየሞላው ነው።» (ከደብረ ማርቆስ)

ፈሳሹ አሲድ ሊሆን ይችላል። አሲድ የፍሬን አቧራን በፍጥነት ያነሣል፤ ክሊሩንም አብሮ ይበላል። በረኪናም ለአሉሚኒየም ጠላት ነው። የአንዳንድ የቸርኬ ማጽጃ መሠረቱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ ይህ ደግሞ ቆዳን መጀመሪያ ሳያሳምም ዘልቆ የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ነው። በባዶ እጁ የሚያጥበው ልጅ ከእርስዎ ቸርኬ ይልቅ ያሳስበኛል። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እንዲያጥቡልዎ ይጠይቁ። ሲነካ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ ማጽጃ ካዩ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ከፍሬን የሚወጣውን የብረት ብናኝ እየለየ የሚያሟሟ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርደው ከሆነ የመጡት፣ እንደደረሱ አያሳጥቡ። ፍሬኑም ቸርኬውም ግለዋል። ቡናዎን እስኪጠጡ ይቀዝቅዙ።

«ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና ቸርኬው ከውስጥ በኩል ቀጭን ጭረት አወጣ። ነፋስም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጎሚስታው በአሉሚኒየም ብየዳ በርካሽ ይሠራል ይለኛል።» (ከሐዋሳ)

ነፋስ የሚያስወጣ ጭረት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ቸርኬው ተፈትቶ፣ ጎማው ተነፍቶ ሳለ ሳሙና ያለው ውኃ መስመሩ ላይ ያፍሱበት፤ አረፋ ከተነሣ ተሰንጥቋል። አረፋው ከጎማው ጠርዝ ወይም ከቫልቩ ከመጣ ግን ቸርኬው ደህና ሊሆን ይችላል።

ከተሰነጠቀ አያስበይዱት። ቸርኬው ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ ነው፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያለሰልሰዋል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ያለው ቦታ ይደክማል፤ ይህን ደግሞ በዓይን አያዩትም። ስለ ጭረት ሲሆን «ይተዉት» እላለሁ፤ ስለ ስንጥቅ ሲሆን አልልም።

ሌላ ቸርኬ መግዛት ግድ ነው። አዲስ አበባ ከመጡ ሶማሌ ተራ በሚባለው የመለዋወጫ ገበያ ያገለገሉ አሉ። ቁመቱ ብቻ ቢገጥም አይበቃም፤ ስፋቱ፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት፣ የመሃል ቀዳዳው ስፋት፣ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ የሚወጣበት መጠን ከነበረው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የተሰነጠቀውን ይዘው ቢሄዱ ይቀልልዎታል። ከመክፈልዎ በፊትም ባላንስ ማሽን ላይ አስገጥመው ሲዞር ከጎን ሆነው ይዩት። ጠርዙ ከወዛወዘ ሌላ ያስወርዱ።