«ሎሚዬን ጭመቂው» ሰምና ወርቅ ነው ወይስ አግቦ?

ጥያቄ፦ «የእንግሊዝኛ የሮክ ዘፈኖችን ግጥም ወደ አማርኛ እየመለስሁ ለጓደኞቼ አካፍላለሁ። ብዙዎቹ ከላይ ሲሰሙ ስለ ሎሚ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ግብዣ ናቸው፤ ከሥር ግን የአልጋ ጉዳይ ነው። እኔ ‹የፈረንጅ ሰምና ወርቅ› ብዬ እጽፋለሁ። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት አጎቴ ግን ‹ይኸማ ሰምና ወርቅ አይባልም፤ ቅኔን አታርክስ› ብለው ተቆጡኝ። ትክክለኛው አጠራር የቱ ነው? ስተረጉምስ ሁለቱም ፍች እንዲሻገር ምን ላድርግ?» ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አጎትዎ የተቆጡበት ነገር ሁለት ነው፤ በአንዱ ልክ ናቸው፣ በሌላው አይደሉም።

ልክ የሆኑበት በስያሜው ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው «ሰምና ወርቅ» ሲል ከብዙዎቹ የቅኔ መንገዶች አንዱን ማለቱ ነው። በዚያ መንገድ ሰሙም ወርቁም በስማቸው ይጠራሉ፤ «የፍቅርሽ እሳት» ቢባል ፍቅሩ ወርቅ፣ እሳቱ ሰም ነው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመዋል። አንድ ቃል ሳይለወጥ ሁለት ቦታ ሲፈታ መንገዱ ኅብር ይባላል። ሰሙ ብቻ ተነግሮ ወርቁ በሰሚው እውቀት የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። ከቅኔ ቤት ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ሦስቱንም በአንድ አፍ «ሰምና ወርቅ» ይላቸዋል፤ ይህም የቆየ አጠራር ስለሆነ ስሕተት አልለውም። ለተራ አንባቢ ሲጽፉ ይጠቀሙበት፤ ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ሲጽፉ ግን ለይተው ይጥሩ።

ልክ ያልሆኑት ጉዳዩ የአልጋ ስለሆነ ስሙ አይገባውም ባሉት ላይ ነው። ኅብርም ውስጠ ወይራም የአሠራር ስሞች ናቸው፤ ወርቁ ጸሎት ይሁን፣ ፖለቲካ ይሁን፣ ወሲብ ይሁን አሠራሩ አይለወጥም። ለማኅሌት የሚቀርበው የግእዝ ቅኔ ጉዳዩ ቅዱስ ስለሆነ አጎትዎ መከፋታቸው ይገባኛል። የአማርኛው ኅብር ግን ከጥንትም በአዝማሪ ማሲንቆ ላይ የኖረ ነው። ጎጃም ውስጥ አዝማሪ ፊት ተቀምጦ «ተቀበል!» እያለ ስንኝ የሚያቀብል ሰው ወርቁ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ተሰዳቢ ወይም ተፈላጊ ተነሥቶ ቢጠይቀው ደግሞ ሰሙን ይዞ ይከራከራል።

ስለዚህ ከዘፈኑ ጨዋነት በፊት የሚመረመረው ቃሉ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የጠረጠሩትን ቃል ያውጡና ሰሙን የሚጠብቅ ተመሳሳይ ቃል ይተኩበት። ወርቁ ከጠፋ ኅብር ነበር ማለት ነው። ወርቁ ካልጠፋ ኅብር አልነበረም፤ ምስጢሩን የተሸከመው ቃሉ ሳይሆን ምስሉ ነው።

በሁለት የታወቁ ዘፈኖች እንሞክረው። ኤሲ ዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ ባንድ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቢግ ቦልስ» ዘፋኙ በከበርቴ ድምፅ የሚያዘጋጃቸውን ትልልቅ የጭፈራ ግብዣዎች የሚያወድስበት ነው። «ቦል» በእንግሊዝኛ የዳንስ ግብዣም ነው፣ ኳስም ነው፣ በመንደር ቋንቋ ደግሞ የወንድ ብልት ፍሬ ነው። ቃሉን አውጥተው ግብዣን ብቻ የሚገልጽ ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ቢያስገቡ ዘፈኑ የአንድ ሀብታም ጉራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጥርት ያለ ኅብር ነው፤ አጎትዎም ቢሰሙት አሠራሩን የሚክዱት አይመስለኝም።

ሎሚው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ሌድ ዘፔሊን በ1969 እ.ኤ.አ. «ዘ ሌመን ሶንግ» ሲል የዘፈነው «ሎሚዬን ጭመቂው» ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የተወረሰ አባባል ነው፤ ሎሚው የወንድ ብልት ነው። የብሉዝ ዘፋኞቹ ሮበርት ጆንሰንም ሩዝቬልት ሳይክስም በ1937 ቀርጸውታል። ሎሚውን በብርቱካን ቢተኩት ያው ነው፤ ምስጢሩ አይጠፋም፣ የሚጨመቀው ፍሬ ብቻ ተለወጠ። ሊባል የሚገባው ውስጠ ወይራ፣ ወይም በዕለት አማርኛ አግቦ ነው። እንዲያውም «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለው ስም ራሱ የሙዚቃ ዓይነት መጠሪያ ከመሆኑ በፊት በእነዚያው የጥቁሮች ዘፈኖች ውስጥ የወሲብ አግቦ ነበር፤ ትሪክሲ ስሚዝ በ1922 ባስቀረጸችው ዘፈን ሁለቱም ቃላት በዚሁ ፍች አብረው ይገኛሉ።

ትርጉሙ የሚከብድበትም እዚህ ላይ ነው። አግቦ የሚሠራው ምስሉን ተናጋሪና ሰሚ አስቀድመው ከተስማሙበት ነው። ጎጃሜ ሎሚ ሲባል የሚመጣለት የጥምቀት ዕለት ከጎረምሳ እጅ ተወርውሮ የልጃገረድ ደረት ላይ የሚያርፈው ሎሚ፣ ወይም «ሎሚ ተረከዝ» ተብሎ የሚወደሰው የሴት እግር ነው። ሎሚ ለእኛ የመተጫጫ ፍሬ ነው፤ የወንድ አካል ስም ሆኖ አያውቅም። ቃል በቃል ቢመልሱት ሰሚዎ ወይ ስለ ወጥ ቤት፣ ወይ ስለ ጥምቀት ያስባል፤ ወርቁ ባሕር ማዶ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም አንድ ሲሆን አማርኛው «ጭመቂው» ብሎ ጾታውን ያወጣዋል። በእንግሊዝኛ ሮክ ውስጥ ብዙ የሚሸሸግባት «ኢት» («እሱን ነገር») የምትለዋ ትንሽ ተውላጠ ስም ደግሞ በእኛ ቋንቋ ቦታዋን «እንትን» ይዞታል፤ እንትን ግን ሰም የለውም፣ መሸፈኛ ብቻ ነው፤ ከግጥም ይልቅ ለወሬ ይስማማል።

የአማርኛ ኅብር ጉልበቱ ከምስል ይልቅ በድምፅ ነው፤ ቃል መክፈልና መግጠም፣ ማጥበቅና ማላላት። እንደ ማሳያ የሠራኋት ይህች ናት፦

ካንቺ ጋር ተጣልቼ ከደጅሽ ላይ ውዬ፣
ሌሊቱን ጮኽሁልሽ ገላጋየ ብዬ።

ሰሙ፦ ተጣላን፣ ደጅሽ ላይ ዋልሁ፣ የሚያስታርቀኝ ገላጋይ እየተጣራሁ አደርሁ። ወርቁ፦ «ገላ ጋየ»፣ ሰውነቴ ተቃጠለ። «ገላጋየ»ን አውጥተው «ሽማግሌ» ቢሉ ወርቁ ድራሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ኅብር ነው። ልብ ይበሉ፣ ሁለቱንም ፍች የሚያስችለው የመጨረሻው «ብዬ» ነው። የተጠቀሰ ጩኸት ስለሆነ ስምም ቢሆን፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም ቢሆን ይቀበላል። «ሌሊቱም ነጋልኝ ገላጋየ መጥቶ» ቢባል ሰሙ ደኅና ይቆማል፤ ወርቁ ግን ይሰበራል፣ «ገላ ጋየ» ካለ በኋላ «መጥቶ» ባለቤት የለውምና። በተቃራኒው «ሌቱን ጓጓሁልሽ ገላጋየ ብዬ» ቢባል ወርቁ ራቁቱን ወጣ፤ ለገላጋይ የሚጓጓ የለም፣ ሰሚው ሰሙን ሳይጨርስ ወርቁ ላይ ይደርሳል። ብዙ የዘመኑ ዘፈኖች የሚወድቁት በዚህ ነው፤ ሰሙን ለይስሙላ አስቀምጠው ሲያበቁ ብልግና ብቻ ይቀራል።

ድምፁ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። በወርቁ «ጋየ» ሲል «የ» የምትባለዋ ፊደል ትጠብቃለች፣ በሰሙ «ገላጋየ» ሲል ትላላለች። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ገላጋዬ» ብለው ቢጽፉት ግን ወርቁን ይገድሉታል፤ «ገላ ጋየ» ብለው ነጥለው ቢጽፉት ሰሙን። ጎጃም «ብየ»፣ «ልጄ ሆየ» እያሉ የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ «የ»ን ሁለቱም ፍች ሊጋሩት ይችላሉ፤ የሚሻለውም ገጥሞ በ«የ» መጻፍ ነው። ዘፋኙም «ገላ» ብሎ ትንፋሽ መውሰድ የለበትም፤ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ይገለጣል። ሳይቆርጥ፣ «የ»ንም ከመጥበቅና ከመላላት መካከል ይዞ ያልፋል።

ሁሉም የተጠረጠረ ዘፈን ግን ድርብ ፍች የለውም። ኪንግስመን የተባለው ባንድ በ1963 እ.ኤ.አ. የቀረጸው «ሉዊ ሉዊ» አንድ መርከበኛ ፍቅረኛውን መናፈቁን ለመጠጥ ቀጂ የሚናገርበት ነው። አዘፋፈኑ ስለተድበሰበሰ ወጣቶች የራሳቸውን ጸያፍ ቃል ሞሉበት፤ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ድረስ ደርሶ ተመረመረ፤ በየትኛውም የማጫወቻ ፍጥነት ቃሉ እንደማይሰማ ተጽፎ ተዘጋ። ሰሙ ካልተሰማ ስለ ወርቅ መናገር አይቻልም፤ እንዲህ ያለውን «ሰምና ወርቅ» ብለው አይጥሩት።

አጠራሩን በአጭሩ ልመልስልዎ። በቃል ክፋይ ወይም በአንድ ቃል ሁለት ፍች የተሠራውን «ኅብር» ወይም «ድርብ ፍች» ይበሉ። በምስል የተሸፈነውን «አግቦ»፣ ጉዳዩን ለማሳወቅ ካስፈለገም «ወሲብ ያዘለ አግቦ» ይበሉት። «አሽሙር» አይበሉ፤ አሽሙር አንድን ሰው ለመንካት የሚወረወር ነው፣ ሎሚው ማንንም አይወጋም። «ጸያፍ» የሚባለው ሽፋን የሌለው ነው።

ሲተረጉሙ ኅብርን በኅብር ለመመለስ የእንግሊዝኛውን ቃል አይከተሉ፤ አማርኛው በተፈጥሮው ሁለት ፍች የሰጠውን ቃል ይፈልጉ። «ገባሽ?» መረዳትም መግባትም ነው። «አልጋ» መኝታም ዙፋንም ነው፤ አልጋ ወራሽ እንላለን። «አወቀ» ደግሞ አዳም ሔዋንን አወቀ ከተባለ ጀምሮ ሁለት ፍች ይዞ ኖሯል። ለ«ቢግ ቦልስ» ከእነዚህ አንዳቸውም አይመጥኑም፤ ስለዚህ ሰሙን «ግብዣዬ ትልቅ ነው» ብለው ይመልሱና ከሥሩ «ወርቁ፦» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩበት፤ የቅኔ መጻሕፍትም ሲፈቱ ሰሙንና ወርቁን የሚለዩት እንዲሁ ነው። ለሎሚው ግን ሁለት ምርጫ አለዎት፤ ወይ ሎሚውን አስቀርተው በማስታወሻ መፍታት፣ ወይ የእኛ ሰው አስቀድሞ የተስማማበትን ምስል፣ ለምሳሌ ማርና ቀፎን፣ መተካት። ከተኩ «ትርጉም» አይበሉት፤ «በአማርኛ የተሠራ» ብለው ይጻፉበት።