ሕፃኗ ደህና ናት፣ አንቺስ?

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን አሉ? የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 13 ሳምንት ሆነኝ። ሴት ናት። እናቴ ከመራዊ መጥታ አርሳኝ ነበር፤ አጨዳ ሲደርስ ተመለሰች። ባለቤቴ ወደ ዘጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ይሠራል። ጥሩ ሰው ነው። ግን በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው።

ልጄ ስትተኛ እኔ አልተኛም። ጣራ ጣራ እያየሁ ይነጋል። እህል አይበላልኝም። በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሣች ዕለት ቤቱ በእልልታ ሲሞላ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሳቅፋት የሌላ ሰው ልጅ ያቀፍኩ ይመስለኛል። አንዳንዴ እኔ ባልኖር ለሷ ይሻላት ነበር እላለሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ጎረቤቴ ምች ነው ትላለች። አክስቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች። የወሊድ ፈቃዴም ሊያልቅ ነው። ካሸር ነኝ፤ በዚህ ጭንቅላት ገንዘብ እንዴት እቆጥራለሁ? ምን ዓይነት እናት ነኝ? ወዴትስ ልሂድ?

ከሽምብጥ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በጻፍሽልኝ ስልክ ደውዬ ብዙ አወራን። እዚህ የማወጣው አንቺው «እንደኔ ያለች ሌላም ትኖር ይሆናል» ስላልሽኝ ነው። አዎ፣ ብዙ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደኛ ባሉ ሀገሮች ከወለዱ 100 እናቶች 20 ያህሉን የአእምሮ ጤና ችግር ያገኛቸዋል። አብዛኛው ድብርት ነው።

ስንነጋገር መጀመሪያ የጠየቅኩሽ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ነበር። ዝም አልሽ። ቆይተሽ «እሱን አላስብም፤ መጥፋት ግን ያምረኛል» አልሽኝ። ከዚያ ለቅሶሽ መጣ፤ ቀጥሎም «እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም» አልሽ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይፈራዋል። መጠየቁ ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስለዋል። አያመጣም። የታፈነውን ያስተነፍሳል። ይህን ሐሳብ ለአንድ ቅርብ ሰው እንድትነግሪ ቃል አስገብቼሻለሁ፤ አደራ።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ ደግሞ፦ ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባት፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማት፣ ወይም ቀናት ሙሉ ሳትተኛ ድካም የማይሰማት ወላድ ቤታችሁ ካለች ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻዋን አትተዉአት። በዚያው ቀን ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ማታ ባጃጅ እንደልብ ስለማይገኝ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ በቀን እወቁ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ልጅ ልታስከትብ የመጣች እናት ፊቴ አለቀሰች። ልጁን መዘንኩት። ኪሎ ጨምሯል። «ይህን የመሰለ ልጅ ይዘሽ ምን ያስለቅስሻል? እግዜር ይቆጣል» አልኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች። ለቀጣዩ ክትባት አልመጣችም። ምን እንደሆነች እስከዛሬ አላውቅም። ያን ቀን የመዘንኩት ልጁን ብቻ ነበር። «ምን ዓይነት እናት ነኝ?» የሚለውን ሳነብ እሷ መጣችብኝ።

ልጄ፣ ታመሻል። ሌላ ምንም አልሆንሽም። ከወለዱ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያንቺ ግን ሦስት ወር ሆነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይባላል። ሆርሞኑ በድንገት ሲወርድ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ረዳት ሲርቅ ተደራርቦ ይመጣል። ሕመሙ የምግብ ፍላጎትሽን እንደዘጋው ሁሉ ደስታሽንም ዘግቶታል። ለልጅሽ ያለሽ ፍቅር ከሥሩ አለ። ባይኖርማ ሌሊት ትንፋሿን ለማዳመጥ አትነሺም ነበር፤ ይህን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

እናቶቻችን አራስን ብቻዋን አይተዉም። ከትራሷ ሥር ብረት ያኖራሉ፣ ከጎኗም ሰው አይጠፋም። ስለ ብረቱ ምንም አልልም። ከጎኗ የሚቀመጠው ሰው ግን መድኃኒት ነው። አንቺም እናትሽ ከሄደች ወዲህ ነው የባሰብሽ።

አሁን ወዴት ልሂድ ወዳልሽው ልምጣ። አዲስ በር መፈለግ የለብሽም። በሚቀጥለው ሳምንት የልጅሽ የ14 ሳምንት ክትባት ነው። በ6 እና በ10 ሳምንቷ የወሰድሻት ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። የአእምሮ ሕክምና በር ላይ ሰው ካየኝስ ብለሽ ፈርተሽ ነበር። እዚህ የምትቀመጪው ሕፃን ከታቀፉ እናቶች መሀል ነው። ምን ልትነግሪ እንደመጣሽ ማንም አያውቅም። ልጅሽ ከተከተበች በኋላ ለነርሷ እንዲህ በያት፦ «አሁን ስለ ራሴ ልንገርሽ። ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ አለቅሳለሁ፣ ባልኖር ይሻላል እላለሁ።» ቃል በቃል ይህንኑ። ከቤትሽ ሳትወጪ በወረቀት ጻፊው። ካፍሽ አልወጣ ካለ ወረቀቱን ስጪያት። ነርሷ እኔ ያኔ እንዳደረግኩት ካቃለለችብሽ፣ የጤና መኮንኑን ጠይቂ። እስከዚያ ግን የመጥፋቱ ሐሳብ ከበረታብሽ ክትባቱን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

እዚያ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቅ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። የኤድንብራ መጠይቅ ይባላል። መጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ነው። እንዳታድበሰብሺው። ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበርና የደም ማነስ ምርመራም ጠይቂ። የእንቅርት ሆርሞን መዛባትም ይህን የመሰለ ድካምና ድብርት ያመጣል። ከነሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል።

ሕክምናው ከባለሙያ ጋር መነጋገር ነው፤ ካስፈለገም መድኃኒት። «ጡት ያስጥለኛል?» ብለሽኝ ነበር። እንደ ሰርትራሊን ያሉ፣ የሚያጠቡ እናቶች የሚወስዷቸው አሉ። የምታጠቢ መሆንሽን ግን ንገሪያቸው። በሁለት ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ሲሻልሽም በራስሽ እንዳታቆሚው።

ጸበሉን አልከለክልሽም። እኔም እጠመቃለሁ። ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። ንስሐ አባትሽ ቤት መጥተው ሲጸልዩልሽ ሕመምሽን ንገሪያቸው። ጸበል የገባሽ ጊዜ መድኃኒት ተዪ የሚልሽ ካለ ግን አትስሚው።

ባለቤትሽ «ምን ጎደለሽ?» ያለው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ሕመሙን አያውቀውም። ይህን ገጽ አንብቢለት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ማታ ሲገባ፣ ካጠባሻት በኋላ፣ ልጅቷን ለአራት ሰዓት ያህል ይያዝልሽ። እንቅልፍ ባይወስድሽም እንኳ ሌላ ክፍል ሄደሽ ጋደም በይ። የክትባቱን ዕለትም ጀልባውን ለጓደኛው አስረክቦ አብሮሽ ይሂድ። ዘጌ የትም አይሄድም።

የሥራው ነገር ብዙ አያስጨንቅሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወለድሽ በኋላ ከነደመወዝሽ የወሊድ ፈቃድ አለሽ። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሕመም ካለ ከዚያ በኋላ የሕመም ፈቃድ መኖሩን ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ። የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ክትባቱ ዕለት ስትታከሚ ይህንንም አንሺ። ወረቀቱ ላይ ዝርዝሩ እንዳይጻፍ ከፈለግሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናትሽን እንዳላስጨንቃት ብለሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ነው የምትዘጊው። ዛሬ ማታ ደውይላት። «እማ፣ ደህና አይደለሁም፣ ነይልኝ» በያት። መራዊ ሩቅ አይደለም፤ በጠዋት ከተሳፈረች ቡና ሳይፈላ ትደርሳለች።